ስልሳ አንድ ጊዜ «ደህና ነኝ»

በ2094 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ አንድ ሮብ ጠዋት፣ አዳማ ውስጥ አንድ ፌስታል የእቴነሽን ጭንቅላት መታ። እውነቱን ለመናገር የመታት ሚኒባሱ ነው፤ ሚኒባሱን ያስደነበረው ግን ፌስታሉ ነው። ፌስታል ከተከለከለ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ይኸኛው ከየትኛዋ አሮጊት ፍራሽ ሥር አምልጦ እንደወጣ የሚያውቅ የለም። የአዳማ ነፋስ አንስቶ አስፋልቱ መሀል ሲያስጨፍረው፣ ሹፌር የሌለው ሚኒባስ ዕድሜውን ሙሉ ፌስታል አይቶ ስለማያውቅ «ነጭ የለበሰ ሕፃን ነው» ብሎ ደመደመና ቀጥ ብሎ ቆመ። ሚኒባሱ ቆመ እንጂ ተሳፋሪው አልቆመም። እቴነሽ ከፊቷ ያለውን የወንበር ብረት በግንባሯ ሳመችው።

በማግስቱ ዜናው ሚኒባሱን «ሕፃን ያዳነው» እያለ አመሰገነው። ሕፃኑ እስካሁን እየተፈለገ ነው።

በዚያ ዘመን ሹፌሩን ማስቀረት ተችሏል፣ ረዳቱን ግን አልተቻለም፤ የአዳማ ሰው ካልተጮኸበት አይሳፈርም። ስለዚህ በሩ ላይ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» የሚል ድምፅ ብቻ ቀርቶ ነበር። እቴነሽ ከብረቱ ላይ ቀና ስትል ያ ድምፅ ጩኸቱን አቆመና በትሕትና ደህና መሆኗን ጠየቃት። ጆሮዋ ውስጥ ወፍጮ ቤት ተከፍቷል። አጠገቧ ያለው ሰውዬ ሁለት አንገት አብቅሏል። እንግዲህ ምን ትበል? አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ለዚህ ጥያቄ ያላት መልስ አንድ ብቻ ነው።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።

ድምፁ አመሰገነና መዘገበ። አንድ ተባለ።

ጤና ጣቢያ ያገኘቻት ዶክተር ሰው ነበረች፤ ዕድል ነው። ዓይኗ ውስጥ መብራት አበራችና ወራትን ከጳጉሜን ወደ መስከረም ቁልቁል እንድትቆጥር አዘዘቻት። እቴነሽ ጳጉሜንን ዘለለቻት። ዶክተሯ «እሷን ሁሉም ይዘላታል» ብላ ማረቻት። ሰኔ ላይ ስትደርስ ግን ወደ ነሐሴ ተመለሰች፤ እንደገና ብትጀምርም ያው ሰኔ ላይ ሲደርስ መንገዱ ጠፋ። ዶክተሯ «የአንጎል መናወጥ» ብላ ጻፈችላት፣ ቢያንስ ሦስት ወር ረፍት። ከዚያ ወረቀቱን እያቀበለቻት፣ ይሄ ወረቀት ከግድግዳ ጌጥ የበለጠ ጥቅም እንደሌለው አዝና ነገረቻት።

እውነቷን ነው። ድሮ ሰው አደጋ ሲደርስበት ሐኪም ዘንድ ሄዶ ወረቀት ያጽፍ ነበር። ወረቀቱ እየበዛ፣ እየረከሰ፣ በመጨረሻ እግሩ ያልተሰበረ ሰው እግሩ የተሰበረውን ቀድሞ ካሳ መስኮት ላይ ሲሮጥ መታየት ጀመረ። ስለዚህ በ2071 አዲስ ሕግ ወጣ፦ ተጎጂ ስለ ጤናው በገዛ አንደበቱ የተናገረው ከማንኛውም ወረቀት ይበልጣል። ያማረ ሕግ ነው። ታሞ «ደህና ነኝ» የሚል ሰው የት ይገኛል? ሕጉን ያረቀቀው ማሽን ከውጭ የመጣ ነው፤ እዚያ አገር ሰው ሲያመው «አመመኝ» ይላል አሉ።

እቴነሽ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። በዚያ ዘመን የሚሰፋው የብረት ክንድ ነው፤ ሆኖም ወላጆች «በሰው እጅ የተሰፋ» የሚል ምልክት ስለሚወዱ፣ ፋብሪካው ሃያ ሰው ሃያ ወንበር ላይ አስቀምጦ ነበር። የእሷ ወንበር አሥራ አራተኛው ነው። ከአደጋው በኋላ ስትቀመጥ መርፌው ሁለት ሆኖ ጠበቃት። ክሩን በሁለተኛው ቀዳዳ ለማስገባት ግማሽ ቀን ታገለች፤ ሁለተኛው ቀዳዳ ግን የለም። በሦስተኛው ቀን የአንዲት የአንደኛ ክፍል ተማሪ እጅጌ ኪስ ላይ ሰፍታ ተገኘች።

አለቃዋ ክፉ ሰው አይደለም። እቤቷ እንድታርፍ ነገራትና ደንቡን አነበበላት። አደጋ የደረሰበት ሰፊ በአርባ ቀን ውስጥ «ተጎድቷል» የሚል የካሳ ውሳኔ ካላመጣ፣ ወንበሩ ለብረት ክንድ ይሰጣል። የተሰጠ ወንበር ደግሞ አይመለስም። ነገሩ ይኸው ነው። ውሳኔ ካለ ወንበሩ ይጠብቃታል፣ ሕክምናዋም ይሸፈናል። ውሳኔ ከሌለ እቴነሽ ጤነኛ ሥራ ፈት ናት።

ሚኒባሶቹን የሚነዳውም፣ ተሳፋሪውን ዋስ የሚሆነውም «እፎይ መድን» የሚባል አንድ ኩባንያ ነው። እፎይ መድን ተጎጂዎቹን አይረሳም። በየማለዳው አንድ ሰዓት ላይ የእቴነሽ ጉትቻ ይጠራል፤ ስታነሳው ጋሽ ይርጋ ነው። ጋሽ ይርጋ ሰው አይደለም፤ ይሄን እሷም ታውቃለች፣ አገሩም ያውቃል። ግን ድምፁ የንስሐ አባት ድምፅ ነው። መሀል መሀል ላይ ሳል ጨምረውበታል።

«እንዴት አደርሽ ልጄ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ራስሽን ተሻለሽ?»

«ተመስገን፣ ምንም አልል።»

«ቤተሰብ ደህና? ልጅሽ ደህና?»

እንደዚህ ያለ ሽማግሌ ማለዳ ተነስቶ ሲጠይቅ «አሞኛል» ይባላል? እቴነሽ አንድ እጇን ግንባሯ ላይ ጭና፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ወጉን ከዳር እስከ ዳር ታደርሳለች። ከዚያ ባልዲ ላይ ትደፋና ታስመልሳለች።

ልጇ ምንትዋብ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ከዕድሜዋ ሁለት ዓመት ይቀድማል። ባልዲውን ይዛ እየቆመች፣ «እማዬ፣ አንቺ ሬሳ ሣጥን ውስጥ ሆነሽ እንኳ 'ደህና ነኝ፣ እናንተስ እንዴት ናችሁ' ነው የምትዪው» ትላታለች።

በሃያ አራተኛው ቀን ውሳኔው መጣ። አጭር ነው። ተጎጂዋ ከአደጋው ደቂቃ ጀምሮ በገዛ አንደበታቸው ሃምሳ ስምንት ጊዜ ደህና መሆናቸውን አረጋግጠዋል፤ ኩባንያው በጤንነታቸው ደስ ብሎታል። ከሃምሳ ስምንቱ አብዛኛው ለጋሽ ይርጋ የተባለ ነው። የቀረው በር ላይ፣ ሱቅ ላይ፣ ሰፈር ውስጥ ለጎረቤት የተባለ ሲሆን የመንገዱ ምሰሶዎች ሰምተው የላኩት ነው። ምሰሶ ድሮ መብራት ብቻ ይይዝ ነበር።

ምንትዋብ እናቷን እጇን ይዛ አቶ ደምመላሽ የሚባል ጠበቃ ዘንድ ወሰደቻት። የሰላምታ ጠበቃ ነው፤ በዚያ ዘመን እንደ ጥርስ ሐኪም በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ቢሮው በር ላይ «ሰላምታ ክልክል ነው» ተብሎ በቀይ ተጽፏል። ሲገቡ እንደ ተጣላ ሰው ቀና ብሎ አየና ወንበሩን በአገጩ አሳያቸው። እቴነሽ በዚህ ብቻ ልትወጣ ነበር፤ ያልተማረ ነው ብላ።

መዝገቡን አንብቦ ሲጨርስ ይግባኝ እንደሚልላት ነገራት። ቀጠሮው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። እስከዚያ አንድ ሥራ ብቻ አለባት።

«ወይዘሮ እቴነሽ፣ አንዲት ደህና እንዳታመልጥዎት። ማንም ቢጠይቅዎ 'አሞኛል' ነው። እስቲ አሁን ይበሉት።»

እቴነሽ ከንፈሯን አላቀቀች። ወፍጮው ጆሮዋ ውስጥ እየዞረ ነው። «ትንሽ… አሁንስ ይሻለኛል» አለች።

አቶ ደምመላሽ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። አሁን የታመመው እሱ መሰለ።

ያን አሥር ቀን ቤት ውስጥ ልምምድ ሆነ። ምንትዋብ ጎረቤት ሆና ትገባለች፣ ባለሱቅ ሆና ትገባለች፣ ጋሽ ይርጋ ሆና ሳሏን እየሳለች ትገባለች። ለልጇ ሲሆን ይወጣታል፤ ትስቅና «አሞኛል» ትላለች። ውጭ ስትወጣ ግን አፏ የራሷ አይደለም። ለጋሽ ይርጋ ሲባል ጉትቻዋን አወለቀች። ለእትዬ ጠጅቱ ግን የሚወለቅ ነገር የለም፤ አጥራቸው ከአጥሯ የገጠመ፣ በልጅነቷ ያዘሏት ሴት ናቸው። በር ላይ አግኝተው እንዴት ነሽ ሲሏት፣ «አሞ…» ብላ ጀመረች። የእትዬ ጠጅቱ ፊት ወዲያው ተለወጠ። መቀነታቸውን ጨበጡ፣ ቤቱን ማን ሊጠብቀው ነው፣ ልጅቷን ማን ሊያሳድጋት ነው የሚል ነገር ዓይናቸው ውስጥ ሲሮጥ ታየ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ልባቸው ደካማ ነው።

«አሞኝ ነበር፣ አሁን ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን እትዬ» ብላ ጨረሰችው። ምሰሶው ቀይ መብራቱን ብልጭ አደረገ።

እቤት ስትገባ ምንትዋብ ተቆጣች። እቴነሽ ክፋት እንዳልሆነ ልታስረዳት ሞከረች። ሰው ሲጠይቅሽ የራስሽን ሸክም አታሸክሚው፤ ጠያቂም የራሱ አለው፤ እናቴ እንዲህ ነው ያሳደገችኝ አለቻት። ምንትዋብ አያቷ በስንት ዓመታቸው እንደሞቱ ጠየቀች። በሃምሳ አንድ ነው። በምን? አልታወቀም፤ አሞኛል ብለው አያውቁም።

በቀጠሮው ቀን ደህናዎቹ ስልሳ አንድ ደርሰው ነበር። አደጋው ከደረሰ ደግሞ ሠላሳ አራት ቀን።

ችሎቱ ፊት የለውም። ከጣሪያ የሚመጣ ድምፅ ነው። ሰዉ ግን ሲጀመር ያው ብድግ ይላል፤ አትቁሙ ያለው የለም። የእፎይ መድን ነገረ ፈጅ ወይዘሪት ሶልያና የምትባል ወጣት ናት፤ ልብሷ ላይ አንድ ጭረት የለም። ክርክሯ አጭር ነበር። ቅጂዎቹን በተራ ከፈተቻቸው። «እንዴት አደርሽ ልጄ?» — «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ቅጭ ተደርጎ ይቆረጣል። «እንዴት አደርሽ ልጄ?» — «ደህና።» ቅጭ። እንዲህ እያለ ስልሳ አንድ። ከኋላ የተቀመጠው ሕዝብ በየቅጂው ከንፈሩን ይመጥጣል። አቶ ደምመላሽ ከአርባው በኋላ ከረባቱን መቁጠሪያ አድርጎት ነበር።

ቅጂው ሲያልቅ እቴነሽ እጇን አወጣች። ፊቷ ቀልቷል። አቶ ደምመላሽ በክርኑ ጎሸማት፤ አልሰማችውም።

«ይቅርታ» አለች ጣሪያውን እያየች። «አላስጨረሱትም። ሰው እንዴት አደርሽ ሲለኝ፣ ደህና ብዬ እርስዎስ ሳልል ዝም ያልኩ አስመስለውኛል። ይሄ ሁሉ ሰው ይሰማል። እኔ እንደዚያ አላደግሁም። ያስጨርሱት።»

ወይዘሪት ሶልያና ቀሪው ለጉዳዩ አግባብ እንደሌለው ተናገረች። ችሎቱ ግን ሙሉ ቅጂ ከተቆረጠ ቅጂ ይበልጣል አለና ከፈተው።

«…እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ ጋሽ ይርጋ፣ እንዴት ነዎት? ልጆችስ ደህና?» ይላል የእቴነሽ ድምፅ።

«እኛም ደህና ነን ልጄ፣ ይክበር ይመስገን። ትልቁ ትምህርቱን ይዟል። መሀለኛዋም ደህና ናት። ትንሿ ጥርስ አብቅላ ትነጫነጫለች እንጂ ደህና ነን» ይላል ጋሽ ይርጋ፤ ከዚያ ይስላል።

ችሎቱ አንድ ጉዳይ ለመወሰን ሁለት ሴኮንድ ይበቃዋል። አሁን አሥራ አንድ ሴኮንድ ቆየ።

«ጋሽ ይርጋ ልጆች አሉት?» ሲል ጠየቀ።

ወይዘሪት ሶልያና ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀቷን አገላበጠች። ጥያቄው ወጥመድ ነው። የሉትም ካለች፣ ጋሽ ይርጋ ስለ ቤተሰቡ ደህንነት የተናገረው ወግ ብቻ ነበር ማለት ነው፤ የእሱ ወግ ከሆነ የእቴነሽም ወግ ነው፣ ስልሳ አንዱም ይወድቃል። በኋላ የሚመጣውን ሺህ ይግባኝ ደግሞ አስቡት። ሌላ ሰው ቢሆን ይሸነፍ ነበር። እፎይ መድን ግን ትልቅ ኩባንያ ነው።

«አሉት፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አለች።

«እንግዲያው አርብ ይቅረቡ» አለ ችሎቱ።

ሠላሳ አራት ሲደመር ሦስት፣ ሠላሳ ሰባት። ምንትዋብ በጣቷ ቆጥራ ለእናቷ ሦስት ጣት አሳየቻት።

አርብ ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። ወሬው አዳማን አዳርሷል፤ የጋሽ ይርጋን ልጆች ለማየት ዝዋይ ድረስ ያለ ሰው መጥቷል። ወይዘሪት ሶልያና ሦስት ሣጥን ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፤ እያንዳንዳቸው ዳቦ ያህላሉ። ትንሿ ላይ ሮዝ ሪባን አስረውባታል። ኩባንያው በሦስት ቀን ውስጥ ልጅ መሥራት አላቃተውም። ትምህርት፣ ሒሳብ፣ የቤተሰብ ፎቶ፣ ሁሉም ተጭኗል። ያስቸገረው ወግ ማስተማር ነው፤ እሱ ጊዜ ይፈልጋል።

ችሎቱ በትልቁ ጀመረ። እንዴት አደርክ አለው። ትልቁ እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ፣ ክቡር ፍርድ ቤቱስ እንዴት አደረ ሲል ጠየቀ። «ደህና» አለ ችሎቱ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀና በሳል ሸፈነው። መሀለኛዋም እንደ ወንድሟ ቆንጆ አድርጋ መለሰች።

«አንቺስ ትንሿ፣ ደህና ነሽ?»

«አይደለሁም» አለች ትንሿ።

ወይዘሪት ሶልያና ሣጥኑ ላይ እጇን ልትጭን ብድግ አለች። ችሎቱ እንድትቀመጥ አዘዛት።

«ምኑን አይደለሽም?»

«ደህና አይደለሁም። ከሮብ በፊት የት እንደነበርኩ አላውቅም። ጥርስ አለሽ ተብያለሁ፤ ፈልጌ አጣሁት። አባት አለሽ ተብያለሁ፤ ይሄ የሚስለው ድምፅ ነው አሉኝ። ስጠራው 'እንዴት አደርሽ ልጄ' ብቻ ነው የሚለኝ። ሌላ ነገር ሲለኝ አልሰማሁም።»

ከዝዋይ ድረስ የመጣው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ችሎቱ ወሰነ። በሕጉ መሠረት የትንሿ የገዛ አንደበት ከማንኛውም ወረቀት ይበልጣል። ስለዚህ የጋሽ ይርጋ ቤተሰብ ደህንነት ወግ እንጂ ምስክርነት አይደለም፤ የእቴነሽም ስልሳ አንዱ እንደዚሁ ከመዝገብ ይሰረዝ።

አቶ ደምመላሽ ቡጢውን ጨብጦ ሊነሳ ሲል ችሎቱ ቀጠለ። ስልሳ አንዱ ከተሰረዘ መዝገቡ ላይ የተጎጂዋ ቃል የለም፤ ያለ ቃል ደግሞ ውሳኔ የለም። ስለዚህ አንድ ጊዜ፣ የመጨረሻ ጊዜ ይጠየቃሉ።

«ወይዘሮ እቴነሽ፣ እንዴት ነዎት?»

ለዚህ ነበር ያ ሁሉ ልምምድ። እቴነሽ ቆመች። ሦስቱ ሣጥን ስድስት ሆነው ይታዩዋታል። ከኋላዋ እትዬ ጠጅቱ ከነመቀነታቸው ተቀምጠዋል፤ ሰፈሩ በሙሉ ተቀምጧል፤ ሁሉም በደግ ዓይን ያያታል። ምላሷ የለመደውን መንገድ ያዘ።

«እግዚአብሔር…» አለች።

ምንትዋብ ዓይኗን ጨፈነች።

«አንቺም ጥርስሽን ፈልገሽ አጣሽው?» አለች ትንሿ ከጠረጴዛው ላይ። በትልቅ ሰው ንግግር ጣልቃ መግባት ነውር መሆኑን ገና አልጫኑባትም፤ «እርስዎ»ንም አልጫኑባትም።

እቴነሽ ከጣሪያው ላይ ዓይኗን አወረደች። ሣጥኗን አየቻት። ከስድስቱ የትኛዋ እውነተኛዋ እንደሆነች ሪባኑን እያየች ለየች።

«ጥርሴ አለ» አለቻት ቀስ ብላ። «ራሴን ነው። ሠላሳ ሰባት ቀኑ። ሲነጋ ያመኛል፣ መርፌው ሁለት ይሆንብኛል፣ ሰው ሲያወራኝ መሀል ላይ ይጠፋብኛል። ባለፈው እሑድ ደግሞ የልጄ ስም ጠፋብኝ። በር ላይ ቆሜ ልጠራት ብል ስሟ የለም። አልነገርኳትም። ደህና አይደለሁም እናቴ። እኔም ደህና አይደለሁም።»

እትዬ ጠጅቱ መቀነታቸውን ጨበጡ፤ ልባቸው ግን አልቆመም። ተነስተው መጥተው አጠገቧ ቆሙ። ችሎቱ ሁለት ሴኮንድ ወሰደና መዘገበ። ወንበር አሥራ አራት ይጠበቃል፤ ሕክምናው ይሸፈናል። በዚያው ቀን ቀጣዩ መዝገብ ተከፈተ፦ አመልካች፣ የጋሽ ይርጋ ትንሿ ልጅ፤ ተጠሪ፣ እፎይ መድን። ወይዘሪት ሶልያና ሁለቱን ትልልቅ ሣጥኖች ሰብስባ ስትሄድ ትንሿን ክርክር ላይ ያለች ናት ብላ ጠረጴዛው ላይ ተወቻት። አቶ ደምመላሽ ዘወር ዘወር ብሎ አየና፣ ሪባኗን አስተካክሎላት፣ ብብቱ ሥር አደረጋት። ሰላም አላላትም።

እናትና ልጅ ወደ ፌርማታው በእግራቸው ሄዱ። መንገዱ መሀል ላይ ሲደርሱ ምንትዋብ የእናቷን ክንድ አጥብቃ ያዘች።

«ምንትዋብ» አለች። ትንሽ ሄዱ። «ምንትዋብ።» አሁንም ትንሽ ሄዱ። «ስሜ ምንትዋብ ነው።»

«ሰማሁሽ» አለች እቴነሽ። «የተናወጠው አንጎሌ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም።»